ስሙን መልሽልኝ

ወርቅውሃ ተሰማ ዘፋኝ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ዛሬ ስለ እሷ የሚያወሩ ሰዎች «ያቺ ዘፋኟ» ሲሉ ስለምሰማና ስለሚያናድደኝ ነው። ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጥቶ ራሱ ይዘፍናል። እሷ የሌላውን ሰው አፍ አስከፍታ ድምፁን የምታወጣ ሰው ነበረች። በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በእሷ እጅ ያላለፈ ሰው የለም። እኔም አልፌያለሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም።

አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሐዲድ ይጠግናሉ። ቤታቸው ከአቃቂ ጣቢያ ዝቅ ብሎ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ የሚንጫጫበት ቤት ነበር። እናቷ እትዬ መሰለች ደግሞ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ድንኳን ገብተው የሟቹን ስም በዜማ ሲጠሩት፣ እስከዚያ ድረስ ደርቆ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይፈታል። ወርቅውሃ ከልጅነቷ ጀምሮ ከጎናቸው ተቀምጣ ትቀበል ነበር። እናቷ ይጠራሉ፣ እሷ ትቀበላለች፤ ሲደክማቸው ደግሞ ትተካቸዋለች።

እኛ ሰፈር ሙሾ አንድ ሕግ አለው። ስም ይጠራል። ሟቹ ደግ ይሁን ክፉ፣ አውራጇ ስሙን ጠርታ ተቀባዮቹ ካልተቀበሏት ልቅሶው ልቅሶ አይባልም። ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲመታ ቢውል እንኳ «እገሌ እኮ አልተለቀሰለትም» ተብሎ ይወራል። ይህን ያዙልኝ።

እትዬ መሰለች ሲሞቱ ራሷ ወርቅውሃ አውርዳ አስለቅሳ ቀበረቻቸው። ከዚያ በኋላ እኔ የምሠራበት ክር ፋብሪካ ገባች። የጥጥ ብናኝ ደረት ይበላል፤ አብረውን የሚሠሩት ሴቶች ሲስቁ እንኳ ያስላቸው ነበር። እሷ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ ስትሠራ «ሙሽራዋ» እያልን እንቀልድባት ነበር። ትንፋሿን ከብናኙ እየጠበቀች እንደነበር የገባን ቆይቶ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ይቋቋም ተባለ። የእኛ ሊቀመንበር በዛብህ የሚባል ሰው ነበር። ለበዛብህ ጆሮ የተፈጠረለት መነጽሩን እንዲሰቅልበት ብቻ ነው፤ ዜማና ጩኸት አይለይም። ግን የጎረቤት ቀበሌ ቡድን እንዲበልጠው አይፈልግም። ሰዎች ወርቅውሃን ጠቆሙትና አስጠርቶ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳትዪ ድምፅ አስተምሪ ብሎ አዘዛት። እምቢ ማለት የሚባል ነገር በዚያ ጊዜ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እሷም እምቢ ማለት አልፈለገችም። ማስተማር ትወድ ነበር።

የምንማረው በተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሕፃናቱ ከፊት፣ እኛ ወጣቶቹ ቀጥለን፣ እናቶች ከእኛ ኋላ፣ ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ እንቆማለን። ከሽማግሌዎቹ መካከል አባ ሮሪሳ የሚባሉ ነበሩ፤ አሁን ፋብሪካ የቆመበት መሬት የአባታቸው እርሻ ነበር። ሲያዜሙ መጋዘኑ ራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ግጥሙ ሲጠፋባቸው በኦሮምኛ ይሞሉታል፤ ወርቅውሃ «ተዉአቸው፣ ድምፁ ትክክል ነው» ትለን ነበር።

ትንፋሽ የምታስተምረን በባቡር ነው። የጭነት ባቡር ጥሩምባውን ሲነፋ ሁላችንም አየር እንስባለን። የመጀመሪያው ፉርጎ በመስኮቱ ብቅ ሲል አንድ ድምፅ ይዘን እንነሳለን፤ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ መልቀቅ የለም። ትንፋሹ ቶሎ ያለቀበትን «አንተ ደብረ ዘይት ወረድክ» ትለዋለች። ትንሽ የቆየ ናዝሬት ደረሰ ይባላል፤ ጎበዝ የሆነ ድሬዳዋ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ ደብረ ዘይት ነበርኩ። ጅቡቲ የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሻግሬ ነበር።

ሌላው ሥርዓቷ አውራጅና ተቀባይ ነበር። አውራጅ ሳይጠራ ተቀባይ አፉን አይከፍትም። ግጥሙን ምን ብታውቀው፣ ሕዝብ ምን ቢያይህ፣ አውራጁ ዝም ካለ ዝም ትላለህ። ይህን ከሙሾው ነው ያመጣችው። ለሕፃናቱ ለማስተማር ሆን ብላ ትጀምርና ታቋርጣለች፤ ያመለጠው ልጅ ብቻውን ሲጮህ ሁላችንም እንስቃለን። በኋላ ላይ የሚያመልጠው ጠፋ።

አሻግሬ የእትዬ ብዙወርቅ አንድ ልጅ ነው። እናቱም ከእናቶቹ ረድፍ ይቆማሉ፤ ግን እንደ እኔ ደብረ ዘይት ወራጅ ናቸው። ከእሱ በፊት የወለዷቸው ሁሉ በሕፃንነታቸው ሞተውባቸው፣ እሱ ሲያድግላቸው ነው አሻግሬ ያሉት። ልጁ ሳቂታና ለፍላፊ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የሰፈሩን ሕፃናት በትከሻው እየጫነ ያሻግር ስለነበር፣ ስሙን ለራሱ ያወጣው ይመስል ነበር። ሁላችንም እንወደው ነበር፤ እኔም ከሌሎቹ ትንሽ በለጥ አድርጌ እወደው ነበር። አሁን ብናገረው ማንንም አይጎዳም።

ቀይ ሽብር መጣ። አሻግሬ ወረቀት በትኗል ተባለና አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ወሰዱት። በማግስቱ ወደ ፋብሪካ ስንሄድ ከድልድዩ አጠገብ፣ ተገድሎ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተደርጎበት አገኘነው። እትዬ ብዙወርቅ አብረውን ነበሩ። አብዮት ጠባቂዎቹ ቆመው ነበርና መቆም ክልክል ነው አሉን። እትዬ ብዙወርቅ ቆም አሉ፤ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘን አሳለፍናቸው። ሥራ ገቡ። ማሽናቸው ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሙ። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ቀን ሳስበው የሚገርመኝ ማናችንም እዚያው መሬት ላይ አለመውደቃችን ነው።

ልቅሶ ክልክል ነበር። ድንኳን የለ፣ ጥቁር ልብስ የለ። በዛብህ ራሱ እየመጣ እትዬ ብዙወርቅ ምን እንደለበሱ ያይ ነበር። ከኪነት ቡድኑ መቅረትም አይቻልም፤ የቀረ ሰው አዝኗል ማለት ነው። ስለዚህ መጥተው ከእናቶቹ ረድፍ ይቆማሉ። አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ባቡሩ መጥቶ ሲያልፍ እሳቸው ገና ያንኑ ትንፋሽ አፍነው ይዘዋል፤ ፊታቸው ይጠቁራል።

አንድ ቀን ወርቅውሃ ሁላችንንም ስታሰናብት እሳቸውን አስቀረቻቸው። እኔ መጋዘኑን የመጥረግ ተራዬ ስለነበር ሰምቻለሁ። ትንፋሹን ይልቀቁት፣ እንዲህ ከያዙት ይገድልዎታል አለቻቸው። እትዬ ብዙወርቅ እንዲህ አሏት።

«ስሙ አልተጠራም፣ ወርቅዬ። እናትሽ ቢኖሩ ይጠሩልኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስሙ ሰው ፊት ተጠርቶ ብቀበል ትንፋሼ ይወጣል።»

ወርቅውሃ ምንም ቃል አልገባችላቸውም። ግን ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ማሽኗ ላይ ሆና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀጥሎ አዲስ መዝሙር ይዛ መጣች። ወንዝ ስለሚሻገር ታጋይ ነው አለችን። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

አቃቂ ቢሞላ ድልድዩ ቢናድም፣
ሕዝቤን አሻግሬ፣ ወደኋላ አልሄድም።

ከዚያ እሷ ብቻዋን «አሻግሬ!» ብላ ትጠራለች፤ እኛ «አሻግሬ፣ አሻግሬ» እያልን እንቀበላለን፤ በየቅብሉ መዳፋችንን ደረታችን ላይ እናሳርፋለን። ዜማው የእናቷ ነው። ፈጠን አድርጋ የሰልፍ አስመስላዋለች እንጂ እትዬ መሰለች ድንኳን ውስጥ የሚያወርዱት ያው ነው። መጀመሪያ ስትጠራ ሁላችንም ዜማውንም ስሙንም አወቅነው። እናቶቹ እርስ በርሳቸው እንኳ አልተያዩም። ሕፃናቱ ብቻ እየሳቁ ደረታቸውን መቱ።

በዛብህ ግጥሙን ለማጽደቅ መጣ። ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሰማና ሕዝብን ማሻገር የሚለው አብዮታዊ ነው አለ። ደረት መምታቱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የመሐላ ምልክት ነው አለችው። ደስ አለው፤ እንዲያውም ጠንከር ብሎ ይመታ ብሎ አዘዘ።

የአብዮቱ በዓል ቀን ሜዳው በሰውና ከላይ በተጋበዙ እንግዶች ሞልቶ ነበር። ወርቅውሃ ጠራች። እትዬ ብዙወርቅ ከእናቶቹ ረድፍ ተቀበሉ። ያን ያህል ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብሎ ያሰበ የለም። ደረታቸውን ሲመቱ ከፊታቸው ባለው ረድፍ ሆኜ ይሰማኝ ነበር። ቀስ በቀስ ከሜዳው ሰው መቀበል ጀመረ፤ የኛ ሰፈር ሰው ዜማውን ያውቀዋላ። አባ ሮሪሳ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ አቧራው ነው አሉ። በዛብህ ከእንግዶቹ ጎን ቆሞ እያጨበጨበ ልጃቸውን ሲያስለቅስላቸው ዋለ። እኛ በዚያ ቀን ያሸነፍን መስሎን ነበር።

መዝሙሩ ግን በጣም ተወደደ። ይህ ነው የገደለን። እንግዶቹ በቴፕ ቀድተው ወሰዱት። ሌሎች ቀበሌዎች አጠኑት። በየጠዋቱ ከቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅ ጀመር፤ ተሰልፈን ፋብሪካ የምንገባው በእሱ ነው። ስሙን የሚጠራው አሻግሬ የሚባል ልጅ እንደነበረ እንኳ የማያውቅ ሰው ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን እትዬ ብዙወርቅ መንገድ ላይ ቆም ብለው ያዳምጡት ነበር። ቀጥሎ እየፈጠኑ ማለፍ ጀመሩ። ከዚያ ጆሯቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር።

ከዚያ የባሰው መጣ። አብዮት ጠባቂዎቹ ለአሰሳ ሲወጡ ያንን መዝሙር እየዘመሩ መውጣት ያዙ። ሰልፍ ያምርበታላ። አንድ ማለዳ የእትዬ ብዙወርቅን ጎረቤት ልጅ ከቤቱ አውጥተው ሲወስዱት፣ አንዱ ይጠራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ «አሻግሬ፣ አሻግሬ» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ በእትዬ ብዙወርቅ በር ላይ አለፉ። ልጃቸውን ሲወስዱት ከነበሩት መካከል ሁለቱ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነበሩ።

በዚያው ቀን ፋብሪካው በር ላይ ወርቅውሃን ጠበቋት። አልጮሁም። እጇን ያዙና «ስሙን መልሽልኝ» አሏት። «የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ። ልጄን ወሰዱት፤ አሁን ደግሞ በስሙ የሰው ልጅ ይወስዳሉ። መልሽልኝ።»

ወርቅውሃ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሻሿን እንኳ ሳትፈታ።

በማግስቱ በዛብህ ጋ ገብታ መዝሙሩ ስህተት አለበት፣ አዝማቹን ልቀይረው አለችው። ምን ስህተት ብሎ ጠየቃት። ዜማው ለሕፃናቱ ከፍ ይላል አለች። ሕፃናቱ እየዘመሩት ነው አለ። ለሽማግሌዎቹ ይከብዳል አለች። ሽማግሌዎቹ ይቅሩ አለ። በመጨረሻ ተነሥቶ በሩን ከፈተላት። «ጓድ ወርቅውሃ፣ ሕዝብ የያዘውን መዝሙር ለመቀየር አንቺ ማነሽ?» አላት። ሰውየው በሕይወቱ አንድ ቀን እውነት ተናግሮ ከሆነ ያን ቀን ነው። መዝሙሩ ከእጇ ወጥቷል።

ከሁሉም ቀበሌ የተውጣጡ ቡድኖች የሚወዳደሩበት ቀን መጣ። መድረኩ ተሠርቷል፤ ባለሥልጣኖቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ከመውጣታችን በፊት ወርቅውሃ ረድፋችንን እያስተካከለች በየሰዉ ፊት አለፈች። የሕፃናቱን አንገትጌ አቃናች፤ አባ ሮሪሳን ዛሬ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ አለቻቸው። እኔ ጋ ስትደርስ ትከሻዬን ጫን አድርጋኝ «አውራጅ ሳይጠራስ?» አለችኝ። «ተቀባይ አፉን አይከፍትም» አልኩ፣ እንደ ልማዳችን። ራሷን ነቀነቀችና አለፈች። ምን እንዳሰበች አልገባኝም።

መዝሙሩ ተጀመረ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ዘለቅን። ወንዙ ሞላ፣ ድልድዩ ተናደ። አሁን እሷ የምትጠራበት ቦታ ደረሰ። ወርቅውሃ ከፊታችን ቆማ አየር ሳበች፤ ትከሻዋ ሲነሳ አየሁት። አፏን ግን አልከፈተችም።

ጠበቅን። ጸጥ አለ። ሁላችንም እጃችን ደረታችን ላይ እንዳለ ቆመን ቀረን። ከሕፃናቱ አንድም አላመለጠውም። እናቶቹ ዝም፣ ሽማግሌዎቹ ዝም። የባለሥልጣኖቹ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። በዛብህ ከመድረኩ ሥር ሆኖ በእጁ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ ይላል። አውራጅ ሳይጠራ እንዴት ብለን እንቀጥል? አንዲት እናት በረጅሙ ተነፈሰች፤ ማን እንደሆነች ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ወርቅውሃ ወደ እኛ ዞር ብላ እጅ ነሣችን፤ ደረጃውን ወርዳ ሳትጠራ ሄደች። ሜዳውን ሳትወጣ ያዟት።

ከእኛ ብዙዎቻችንን ጠይቀውናል። ሁላችንም አውራጇ ስላልጠራች ነው አልን፤ ሌላ የምንለው አልነበረም። እሷ ድምፄ ጠፋብኝ ነው ያለችው። የጠየቋት ሰዎች አላመኗትም። ስትወጣ ግን እውነት አድርገውት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሰው ነገሩን ለበዛብህ ገልጦ ነገረው መሰለኝ፣ መዝሙሩ ታገደ። ከድምፅ ማጉያው ወረደ። ሰፈሩ በጣም ፈርቶ ስለነበር ቃሉን ራሱ መጥራት ቀረ። ልጅ ወንዝ ያሳለፈ ሰው «አሻግሬው መጣሁ» አይልም፤ «አሳልፌው» ይላል። እስከ ዛሬም እንዲህ የሚናገሩ አሮጊቶች አሉ፤ ልጆቻቸው ለምን እንደሆነ አያውቁም።

ወርቅውሃ ከዓመታት በኋላ ተፈታች። ጸጉሯ ነጥቶ፣ አንድ እግሯን እያነከሰች መጣች። ስትናገር ከጉሮሮዋ የሚወጣው ነገር የዛገ በር ሲከፈት ይመስላል። ያውም ትንሽ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ትልና ትንፋሽ ያጥራታል። ፋብሪካው አልመለሳትም። ጣቢያው አጠገብ ባቡር ሲቆም ለተሳፋሪ ቆሎ መሸጥ ጀመረች። በፊት በእጇ ያለፈው ሰው ሁሉ ሲያያት መንገድ ያቋርጣል። ፈርቶ ነው፣ አልፈርድበትም፤ ግን አናደደኝ፣ አሁንም ያናድደኛል።

እትዬ ብዙወርቅ እንደተፈታች ወዲያው አልሄዱም። ታመው ነበር፤ እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ነበር። ሲሻላቸው አስጠሩኝና ተደግፈውኝ ሄድን። ወርቅውሃ ከሐዲዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልትነሣ ስትል በእጃቸው ከለከሏትና ከጎኗ ቁጭ አሉ። ስለ ጤና ተጠያየቁ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ አወሩ። ከዚያ እትዬ ብዙወርቅ ነጠላቸውን አውልቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ለበሱ፤ የልቅሶ አለባበስ።

«ስሙን ከእነሱ ተቀብለሽልኛል» አሏት። «አሁን ለእኔ ጥሪልኝ።»

ወርቅውሃ ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። «ድምፅ የለኝም እኮ፣ እትዬ ብዙ። ጨርሰውታል።»

«ድምፅሽን መች ፈለግኩ። አውራጅ ሁኚልኝ። እኔ እቀበላለሁ።»

ከታች በኩል የጭነት ባቡር ጥሩምባውን ነፋ። ወርቅውሃ ሐዲዱን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ቀስ ብላ አየር ሳበች። የመጀመሪያው ፉርጎ በፊታችን ሲያልፍ ጠራችው። «አሻግሬ» አለች። ዜማ አልነበረውም፤ ተሰንጥቆ ወጣና ወዲያው ተቆረጠ። ደብረ ዘይት እንኳ አልደረሰም።

እትዬ ብዙወርቅ ተቀበሏት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የልጃቸውን ስም በአንድ ትንፋሽ ይዘው ቀጠሉ። ፉርጎዎቹ ያልፋሉ፣ እሳቸው ይዘዋል። ወርቅውሃ በእጇ እየመራቻቸው ነበር፣ ልክ መጋዘኑ ውስጥ እንደምታደርገው። የመጨረሻው ፉርጎ ድልድዩን እስኪሻገር አልለቀቁትም።